ለሱሉልታዋ ረዳት አሰልጣኝ፦ ሜትር ይዘሽ ሂጂ

እህቴ፣ በስፖርት ሳይንስ ተመርቀሽ ሱሉልታ ውስጥ ቀስት ለሚማሩ ታዳጊዎች ረዳት አሰልጣኝ እንደሆንሽ ጽፈሽልኛል። ዋናው አሰልጣኝ ልጆቹን ሁሉ በአንድ አቋቋም፣ በአንድ ዓይነት ቀስትና በአንድ ዓይነት የክብደት ልምምድ ያሠራሉ፤ ሦስቱን ልጆች ትከሻቸውን አሟቸዋል። «ዝም ብዬ ልከተል ወይስ ትቼው ጂም ልቀጠር?» ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው፤ ዝምም አትበይ።

አንድ ዓይነት ቀስት ለሁሉም እኩል አይከብድም። ቀስቱ ላይ የተጻፈው ፓውንድ፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት፣ 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ነው፤ በተለመደው ግምት በየኢንቹ 2 ፓውንድ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። 30 ፓውንድ በተባለው ቀስት፣ ክንዷ አጥሮ 26 ኢንች ብቻ የምትስበው ልጅ 26 ፓውንድ ገደማ ስትይዝ፣ 30 ኢንች የሚስበው ረጅሙ ልጅ 34 ይይዛል። ታዲያ እንዴት አንድ ዓይነት ልምምድ ይሠራሉ?

ዓይናቸውንም እይ። በቀኝ እጇ የምትስብ ልጅ ስታነጣጥር በዋናነት የሚያይላት ግራ ዓይኗ ሊሆን ይችላል። መዳፎቿን አጋጥማ ትንሽ ቀዳዳ ታስቀርና በዚያ ሩቅ ያለ ነገር ትመልከት፤ ዓይኖቿን በየተራ ስትጨፍን ነገሩ ሳይጠፋባት የሚታያት በየትኛው እንደሆነ ትነግርሻለች። አቋቋምም እንዲሁ ከሰው ሰው ይለያል፤ አሜሪካዊው ቀስተኛ ማት ስቱትስማን ያለ እጅ ተወልዶ ቀስቱን በእግሩ እየያዘ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ፓራሊምፒክ ብር፣ በ2024 ፓሪስ ወርቅ አግኝቷል። አቋቋሙን ከማንም መቅዳት አይችልም ነበር።

ስትስብ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ የሚወጣባት ልጅ ብረት ብትጨምሪባት ይብስባታል። ቀስቱን አቅልዪላት፤ በላስቲክ ገመድ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያሉትን የጀርባ ጡንቻዎች ቀስ በቀስ ታጠንክር። የታመሙት ሦስቱ ግን አሁን መሳብ ያቁሙ፤ ሐኪም ይያቸው። ይህ ነገ የሚባል አይደለም።

አሰልጣኙን «ተሳስተዋል» ብለሽ አትጀምሪ። «ጋሼ፣ አራት ልጆች ልለካና ውጤቱን ላሳይዎት» በያቸው። የየልጁን የስበት ርዝመት፣ የሚያይለትን ዓይን፣ የሚይዘውን ፓውንድና የሕመም ስሜቱን በየሳምንቱ ደብተር ላይ ጻፊ።

ሱሉልታ የሯጮችም መለማመጃ ነው። ለአንድ ሰው ሰውነት የሚስማማ የጉልበት ልምምድ ማውጣት የሚችል ባለሙያ እዚያም ይፈለጋል። ጂምም ሆነ ክለብ ስታመለክቺ ከዲግሪሽ ጋር የሁለት ወር ደብተርሽን አቅርቢ፤ እኔ ቀጣሪ ብሆን መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው።