አማቴ ለእንቅልፍ የላኩልኝ ጤና አዳም

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ ይነጋል። አማቴ ከመንዝ ጦስኝና ጤና አዳም ልከውልኛል። «አንድ ላይ አፍልተሽ ማታ ማታ ጠጪው፤ ሰውነትሽን ያፍታታልሻል፣ እንቅልፍም ይወስድሻል» ይላሉ። ልጠጣው?
እናት ልትሆን ያለች፣ ከአያት ሰፈር

መልስ፦ እህቴ፣ አስቀድሜ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

ጤና አዳሙን አትጠጪው። አዋላጅ ነርስ ነኝና በዚህ ላይ አላመነታም። ጤና አዳም ማህፀንን ያኮማትራል፣ ጽንስም ሊያስወርድ ይችላል። በላቲን አሜሪካ ለማስወረድ ብለው አፍልተው ጠጥተው የተመረዙ ሴቶች አሉ። ቡናሽ ውስጥ ጣል የምትደረገዋም ብትሆን እስክትወልጂ ትቅርብሽ። አማትሽ እኮ ለፍቅር ነው የላኩት። «ክትትል የማደርግበት ቦታ ከልክለውኛል» በያቸው፣ አይቀየሙሽም።

ጦስኙ ሌላ ነው። በሽሮና በበርበሬ ገብቶ የምትበይው አያሰጋሽም። አጥብቀሽ እያፈላሽ በየማታው እንድትጠጪው ግን አልመክርሽም። ለእግር መታጠቢያ አድርጊው። አንድ እፍኝ ደረቅ ጦስኝ ሳፋ ውስጥ ጨምረሽ የፈላ ውሃ ቸልሺበትና ሽታው እንዳይተን ክደኚው። ለብ ሲል እግርሽን ንከሪ። ባልሽ ቁርጭምጭሚትሽን አሸት አሸት ቢያደርግልሽማ ምንኛ ደስ ይላል! ያ የደጋ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ትከሻሽ ሲላላ ይታወቅሻል።

ደግሞ ቡና የምትጠጪው ስንት ሰዓት ላይ ነው? አልነገርሽኝም፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። የነፍሰ ጡር ሰውነት ካፌይንን የሚያስወግደው በጣም ቀስ ብሎ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ግማሹ እስኪወጣ 15 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። እና ከሰዓት በኋላ የጠጣሽው ቡና እኩለ ሌሊት ላይም አብሮሽ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። አቦሉን ጠዋት ጠጪ፣ ቶናና በረካው ይለፍሽ። ሻይም ካፌይን አለውና ማታ ማታ ተዪው፤ በምትኩ ለብ ያለ ወተት ይሻልሻል።

እንቅልፍ ማጣቱ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከዓይን ብዥታ ወይም ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር ከመጣ ግን የቀጠሮሽን ቀን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሄደሽ የደም ግፊትሽን ተለኪ።