ፋብሪካ ብገባ ሕልሜን ካድኩት ማለት ነው?

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዘንድሮ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀሻል፤ ቅርጫት ኳስም ለግቢው ተጫውተሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ተጫዋቾችና በክለብ ባለቤቶች ክርክር ላይ ነበር። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ በሰው ሀብት ክፍል ሊቀጥርሽ ነው፣ መልስ የሚፈልገው ደግሞ ለሰኞ። አንቺ የምትመኚው የተጫዋቾች ማኅበር ጠበቃ መሆንን ነው። «ከገባሁ ከባለቤቶቹ ወገን መቆሜ ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ» ብለሻል። አባትሽ ደግሞ «የሚሊየነሮች ጠብ ለእኛ ምናችን ነው» ይሉሻል።

አብሽሪ። ሥራውን ያዢው።

መጀመሪያ ለአባትሽ መልስ ልስጥ። ይህ ነገር የተጀመረው በሚሊየነሮች አይደለም። የቦስተኑ ተጫዋች ቦብ ኩዚ የተጫዋቾቹን ማኅበር ሲመሠርት እንደ ፈረንጆቹ 1954 ነበር፤ ያኔ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ውድድሩ ሲያልቅ ሌላ ሥራ ፈልገው ነበር የሚኖሩት። ለዓመታት ባለቤቶቹ ማኅበሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ከዚያ በ1964 ቦስተን ላይ፣ የኮከቦች ጨዋታ በቴሌቪዥን ሊተላለፍ ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ ተጫዋቾቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው የጡረታ ጉዳያችን ቃል ካልተገባልን አንወጣም አሉ። ጨዋታው ዘገየ፣ ቃሉም ተገባላቸው። የጠየቁት ጡረታ ነው። ይህንን አባትሽ ከማንም በላይ ይረዱታል ብዬ አስባለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ግጭቶች የሥራ ማቆም አድማ አልነበሩም። ባለቤቶቹ ናቸው በሩን የዘጉት። ሎካውት ይሉታል፤ በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥም ሥራ መዝጋት ከሥራ ማቆም ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ኤንቢኤ እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ክረምት ተዘግቶ የተከፈተው በ1999 ጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ክለብ 82 ጨዋታ የነበረው ውድድር 50 ሆነ። በፈረንጆቹ 2011 ደግሞ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ተዘግቶ እያንዳንዱ ክለብ 66 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ።

የ2011ዱን በደንብ እንየው፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ባለቤቶቹ ከ30 ክለቦች 22ቱ ይከስራሉ፣ በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እናጣለን አሉ። ማኅበሩ ሒሳቡን አልቀበልም አለ። የተጫዋቾቹ ድርሻ ከሊጉ ገቢ 57 በመቶ ነበር፤ በስምምነቱ ከ49 እስከ 51 በመቶ ወረደ። ገቢው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ስለነበር፣ ከ57 ወደ 50 ገደማ ስትወርድ የጠፋችው ሰባት በመቶ ብቻዋን በዓመት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ናት። አየሽ? ለወራት የተጓተተው ክርክር ዋናው ጉዳዩ ገቢ ምን ያህል ነው፣ ገቢ ተብሎ የሚቆጠረውስ ምኑ ነው የሚል ነበር። ደህና ሒሳብ የማያነብ ጠበቃ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምንም አይፈይድም።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ትኬት ቆራጩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋና ፋንዲሻ ሻጩ ናቸው። ጨዋታ ሲቀር የዕለት ገቢያቸው ይቀራል፣ ድርድሩ ላይ ግን ወንበር የላቸውም። ኮምቦልቻም ፋብሪካ ሲቆም በር ላይ ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ ማንም አይጠይቃትም።

አሁን ወደ ፋብሪካው ልምጣ። ከዓመታት በፊት እዚያው ኮምቦልቻ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ፣ በማኔጅመንትና በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ጉዳዩ የሌሊት ፈረቃ ሰርቪስ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሰርቪሱ አንዳንዴ ነው የሚዘገየው» አለ። ከማኅበሩ በኩል አንዲት ረጋ ያለች ሴት ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር አወጣች። መኪናው የዘገየበትን ቀን ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ በእርሳስ ጽፋዋለች። ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ «በቃ፣ ገባኝ» አለ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ መኪና ተመደበ። እስከ ዛሬ ተደራዳሪ ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ደብተር ነው።

ያንን ዓይነት ደብተር ከሌላኛው ወገን ተቀምጠሽ ማየት መካድ አይደለም። ደመወዝ እንዴት እንደሚሰላ፣ የትርፍ ሰዓት የት ላይ እንደሚጠፋ፣ አሠሪው ምኑን እንደሚፈራ ታያለሽ። ይህን መጽሐፍ አይሰጥሽም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የአሠሪሽን ምስጢር ይዘሽ ወደ ማኅበሩ አትሂጂ፣ ሠራተኛውን ለመጉዳት ሐሰት ፈርሚ ስትባይም አትፈርሚ። በኋላ ከየትኛውም ወገን ብትቆሚ የሚቀጥርሽ ስምሽ ነው።

ስለ አሜሪካው ማኅበር አላታልልሽም። እዚያ ጠበቃ ሆኖ ለመሥራት የአሜሪካ ትምህርትና ፈቃድ ይጠይቃል፣ ረጅምና ውድ መንገድ ነው። ቀረብ ያለ በር ግን አለ። የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ከ2021 ጀምሮ አለ፣ የተከፈተውም ኪጋሊ ነው። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባም የተጫዋች ወኪሎች ፈተና አለው። ተጫዋችና ክለብ በውል ሲጣሉ የሚያይ የቅርጫት ኳስ የግልግል ጉባኤ መቀመጫው ጄኔቭ ሲሆን፣ ውሳኔዎቹ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። በሳምንት አንድ አንብቢ፤ ማን ምን ጠየቀ፣ ማስረጃው ምን ነበር፣ ለምን ተረታ ብለሽ በአማርኛ ጻፊው። የኤንቢኤው የኅብረት ስምምነትም ከ600 ገጽ በላይ ነው፣ እሱን ከገቢ አቆጣጠሩ ምዕራፍ ጀምሪ። ጎን ለጎን አካውንቲንግ ተማሪ፣ የማታም ቢሆን።

ከደሴ እየተመላለስሽ ልትሠሪ ከሆነ ግን ሐረጎን ጠዋት ማታ መውጣትና መውረድ ያደክማል፣ በተለይ በክረምት ጉም። ሰርቪስ እንዳላቸው አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ከሌላቸው እዚያው ክፍል ተከራዪ።

ሰኞ ስትደውዪ ሦስት ነገር በያቸው። ውሌን በጽሑፍ ስጡኝ፤ በቃል ብቻ ከተቀጠርሽ እንኳ በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ ፈርመው መስጠት እንዳለባቸው ሕጉ ይላል። የሙከራ ጊዜው ስንት ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናት በላይ ካሉሽ ንገሪኝ። ሦስተኛው፣ የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ቅጂውን ላንብበው። እሱን ስትጠይቂያቸው የሚሰጡሽን መልስ ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝ።