ዘጌን በእግር፦ ስለ ጣና ዳር መንገድ ለጠየቃችሁኝ

ወደ ጣና ሐይቅ ገባ ያለችውን የዘጌን ልሳነ ምድር ከዳር እስከ ዳር በእግሬ እንደምሄድ ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ባህር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አብዛኛው ሰው በጀልባ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ይደርስና የግድግዳውን ሥዕል አይቶ በመጣበት ይመለሳል። ሐይቁን ይዞ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን መንገድ ግን የሚሞክረው ጥቂት ነው። የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ጋሼ፣ ምን ያህል ይከብዳል? ዳገት አለው?

ዳገቱን አትፍራው። ከፍ ያለው ቦታ አራራት ይባላል፤ ከሐይቁ በላይ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። የሚያደክመው ሌላ ነው። መንገዱ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ድንጋይ ላይ ያወጣሃል፣ መልሶ ጫካ ውስጥ ይከትሃል። የዛፉ ሥር መንገዱ ላይ ተጋድሞ ቅጠል ሸፍኖታል። ቅጠሉ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እኔን እግሬን ወለም ያለኝ ሜዳ በሚመስል ቦታ ነው። ሙሉ ቀን ያዝለት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምር።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር። ክረምቱን ተዉት፣ ጭቃው አያስኬድም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል። የካቲት 16 ደግሞ የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ ኡራ በሰው ይሞላል፤ ለበዓሉ የመጣ ደስ ይለዋል፣ ጸጥታ የሚፈልግ ሌላ ቀን ይምረጥ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣና የክረምቱን ውሃ ይዞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይጎድላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በግንቦት በደረቁ የሄዳችሁበት ዳር በጥቅምት ሐይቅ ውስጥ ነው። ያኔ በላይ በኩል፣ በቡናው መሃል ዙሩ። ሱሪ ሰብስቦ በውሃው መሻገር አይሞከርም።

ለምን? ውሃው ንጹሕ ይመስላል። ትንሽ ብዋኝስ?

እህቴ፣ እባክሽ ይቅርብሽ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ፤ ዘጌም ከዚህ ነጻ አይደለም። ተውሳኩ በትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ከዚያ በቆዳ ይገባል። ቁስል አይፈልግም፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ እግር መንከር የሚያምረውን፣ ሣር የበዛበትን ጸጥ ያለ ዳር ነው። የገባ ሰው ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመርመር፤ መድኃኒት አለው። የሚያድር ሰው አጎበር ይያዝ፣ የወባ አገር ነው።

ሌላው አገር ሲመነጠር የዘጌ ጫካ እንዴት ተረፈ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ነው። ከብት ማርባትም እንዲሁ። ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ቡናው ደግሞ የትልልቅ ዛፍ ጥላ ይፈልጋል፤ ዛፉን የቆረጠ ቡናውን አጣ ማለት ነው። አባቶች ሲናገሩ፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቢተክሉት ቡና ሆኖ በቀለ ይላሉ። በስማቸው የሚጠራው ገዳም እዚያው ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮው ከሰዉ ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ) ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል። ጫካውን እዚህ ያደረሰው ግን የገዳሙ ሥርዓትና የሰዉ እምነት ነው።

ስትሄዱ በየደጁ ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። አንዳንዴ መንገዱን ግማሽ ይይዛል። ዞራችሁ እለፉ፣ አትርገጡት። የዓመት ጉሮሮ ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ 67 ዓመቴ ነው። እችላለሁ?

መምህር፣ ሙሉውን ባይሞክሩት እመርጣለሁ። ከኡራ ወደብ ተነሥተው እስከ ኡራና አዝዋ ማርያም ገዳማት ያለውን ቀስ ብለው ይሂዱ፣ መንገዱ ጥሩ ነው። በቂ ጥላና ማረፊያ ያገኛሉ። ዱላዎን አይርሱ። ወጣቶችም እንደዚያው፤ የጎጃም ሰው ያለ ዱላ መንገድ አይወጣም፣ እዚህ ደግሞ ሥርና ድንጋይ ላይ ሦስተኛ እግር ነው።

ሴቶች ይገባሉ?

ኡራና አዝዋ ይገባሉ። ክብራን ገብርኤል ደሴት ግን ለወንድ ብቻ ነው። ነጠላ ያዢ፣ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

ስንቅስ?

በሶና ውሃ፣ ቢያንስ 3 ሊትር ለአንድ ሰው። ውስጥ ከገባችሁ ሱቅ የለም።

በምን እንመለስ?

ከባህር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪናም ይገባል። ጣና ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣና ማዕበል ያመጣል። ጀልባ ቀጥራችሁ ከሆነ ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ አትክፈሉ። እኛን አንድ ባለ ጀልባ ተቀብሎ ጥሎን ሄዷል። በጨለማ፣ በስልክ መብራት፣ ሥር እየዳሰስን አፋፍ የምትባለው የዘጌ ከተማ ደረስን። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የአካባቢ ልጅ መሪ አድርጌ ነው የምሄደው፤ ለእሱም ገቢ ነው።

መንገዱ ሰላም ነው?

ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ከዘጌ የመጣ ሰው ጠይቁ። አትሂዱ ካላችሁ አትሂዱ፣ ጫካው የትም አይሄድም።

ታንኳ መሳፈር ይቻላል?

በዳር በዳር፣ ጠዋት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅደህ ሞክር። ታንኳው ከደንገል፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ የታሰረ ነው፤ ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከተቀመጥክበት ልብስህ ይርሳል። እየዋለ ይከብዳል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ማታ ማታ ያወጣውና ዛፍ ላይ አስደግፎ ያደርቀዋል። ወራት ካገለገለ በኋላ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል። ማለዳ ዳር ላይ ታንኳዎች ተደርድረው ቆመው ከሥራቸው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ታያለህ። እዚያ ስትደርስ ትንሽ ቁም።