ቀዳዳ ማጥበብ ጉም አያወጣም

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ 4 በ5 ሜትር በሆነች ክፍል እንጉዳይ አመርታለሁ። እርጥበት ስለሚፈልግ በእጅ መርጨት ሰለቸኝና የነሐስ ክዳን ላይ በ0.5 ሚሊ ፑንታ ቀዳዳ አስበሳሁ። ውሃው የሚመጣው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ነው። ጉም ይወጣል ስል እንደ ክር ቀጥ ያለ ውሃ ወጣ። ቀዳዳውን ወደ 0.3 ባስጠብበው ይሻላል?»

አይሻልም እህቴ። 0.3 ብታደርጊው ቀጠን ያለ ክር ታገኛለሽ፣ በሳምንቱ ደግሞ ተደፍኖ ይጠብቅሻል። አትፈሪ፣ ይህን ስህተት ያልሠራ ሰው የለም። እኔም ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ስንት ዓመት ከቆምኩ በኋላ ነው የገባኝ። ጉም የሚወጣው ቀዳዳው ስለጠበበ ሳይሆን ውሃው ስስ ሆኖና ፈጥኖ ስለወጣ ነው።

ውሃ ቆዳ አለው በይ። ያ ቆዳ ውሃውን ሁልጊዜ እየሰበሰበ ድቡልቡል ሊያደርገው ይፈልጋል። ከክብ ቀዳዳ በክር መልክ ቀስ ብሎ የወጣ ውሃ ትንሽ ሄዶ ራሱን ይበጣጥሳል፣ ጠብታው ግን የቀዳዳውን እጥፍ ይጠጋል። 0.5 ሚሊ ቀዳዳ ወደ 1 ሚሊ የሚጠጋ ጠብታ ይሰጥሻል፣ 0.3 ደግሞ ወደ 0.6። ሁለቱም ዝናብ ናቸው። በዚህ መንገድ 0.1 ሚሊ፣ ማለትም የፀጉር ውፍረት የሚያህል ጠብታ ለማግኘት 0.05 ሚሊ ቀዳዳ መብሳት ሊኖርብሽ ነው። እንዲህ ያለ ፑንታ እኔ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ቢገኝም የሮቶው ደለል በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ታዲያ ዘዴው ምንድነው? ውሃውን አዙረሽ አስወጪው።

የእጅ መታጠቢያ ሲፈስ መሃሉ ላይ የሚፈጠረውን አዙሪት አይተሻል። ውሃው ዙሪያውን ይዞ ይሽከረከራል፣ መሃሉ ባዶ ይሆናል። ኖዝል፣ ማለትም ውሃውን የሚረጨው ጫፍ፣ ውስጥም እንደዚያው ነው። ውሃው ወደ ትንሽ ክብ ጓዳ በጎን ገብቶ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ወደ መውጫው ቀዳዳ ሲደርስ መሃሉን አየር ይይዘዋል፣ ውሃው ግድግዳውን ተጣብቆ በስሱ ይወጣል። ከወጣ በኋላ የሚይዘው ግድግዳ ስለሌለ እንደ መሶብ ክዳን ተከፍቶ ይዘረጋል፤ እየሰፋ ሲሄድ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይቀደድና ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። አየሽ፣ ቀዳዳው ያው 0.5 ነው፣ ጠብታው ግን የሚወለደው ከቀዳዳው ስፋት ሳይሆን ከዚያ ስስ ንጣፍ ነው።

በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ገበሬዎች ጀርባቸው ላይ አዝለው መድኃኒት የሚረጩበትን መርጫ ጫፉን ፍቺው። ብዙዎቹ ውስጥ በጎኑ ያዘመሙ ቦዮች ያሉት ትንሽ እምብርት ታገኛለሽ። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ለማየት ብቻ ነው ያልኩሽ ግን፣ መድኃኒት የነካውን ጫፍ አምጥተሽ የሚበላ ነገር ላይ እንዳትገጥሚው።

አሁን ወደ ዋናው ችግርሽ ልምጣ። ኖዝሉን የፈለገ ቆንጆ አድርገሽ ብትሠሪው ከሮቶ ጉም አይወጣም። የ10 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚሰጥሽ 1 ባር ግፊት ነው፣ ስለዚህ ያንቺ 3 ሜትር 0.3 ባር ናት። በዚህ ግፊት ውሃው በሰከንድ ቢበዛ ወደ 8 ሜትር ነው የሚወጣው። የአንድ ሚሊ ጠብታ 0.1 ሚሊ ሆኖ ይበጣጠስ ስትዪ አንዱን 1,000 እያደረግሽ ነው፣ የውሃው ቆዳም በ10 እጥፍ ይጨምራል። ያንን ቆዳ የሚለጥጥ ጉልበት ከየትም አይመጣም፣ ከግፊት ነው። የሚያዞር ኖዝል ላይ ግፊቱን ቀስ እያልሽ ብትጨምሪ አስቂኝ ነገር ታያለሽ። መጀመሪያ ያንጠባጥባል። ከዚያ የተጠማዘዘ ክር ይሆናል። ቀጥሎ የሽንኩርት ቅርጽ ይይዛል፣ ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ ተመልሶ ይገጥማል፣ ምክንያቱም የውሃው ቆዳ ገና እያሸነፈ ነው። ትንሽ ስትጨምሪ ሽንኩርቱ ከታች ተከፍቶ አበባ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ነው ንጣፉ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ የሚበጣጠሰው። ሮቶሽ ምናልባት ሽንኩርቱ ድረስ ቢያደርስሽ ነው።

ስለዚህ ከኖዝሉ በፊት ፓምፕ። ለቤት ውሃ ማጣሪያና ለባትሪ መርጫ የሚሸጡት ባለ 12 ቮልት ትናንሽ የዳያፍራም ፓምፖች ወደ 7 ባር የሚሰጡ አሉ፣ ላንቺ ይበቃሉ። በ7 ባር ውሃው በሰከንድ 37 ሜትር ይጠጋል። ልብ በይ፣ ግፊቱን ሁለት እጥፍ ስላደረግሽ የሚወጣው ውሃ ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ እጥፍ ውሃ ከፈለግሽ አራት እጥፍ ግፊት ነው፣ ስለዚህ ውሃ ሲያንስሽ ፓምፑን ከማስጨነቅ ሌላ ኖዝል መጨመር ይቀላል።

ቶርኖ ቤት ሄደሽ የምታሠሪው ከሆነ ልኩ እንዲህ ይሁን። መውጫው ቀዳዳ 0.5 ሚሊ፣ ያው ያለሽ ፑንታ። የሚሽከረከርበት ጓዳ 2 ሚሊ ስፋት፣ ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5፣ መጨረሻው ከፑንታው ጫፍ የተረፈውን ሾጣጣ ይዞ ወደ መውጫው የሚወርድ። ከኋላ በ6 ሚሊ ተበስቶ ወለሉ ጠፍጣፋ ይደረግና እዚያ ላይ የሚቀመጥ የነሐስ እምብርት ይሠራል። እምብርቱ ጎኑ ላይ ውሃ እንዲያሳልፍ በሊማ ሁለት ቦታ ጠፍጠፍ ይደረግ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ 0.4 በ0.4 የሆኑ ሁለት ቦዮች ይውጡ። ቦዮቹ ወደ መሃል የሚያመሩ መሆን የለባቸውም። ከመሃል 0.8 ሚሊ ፈንጠር ብለው የጓዳውን ጠርዝ እየታከኩ ነው የሚገቡት። ተራ የብረት መጋዝ ለዚህ በጣም ይወፍራል። የወርቅ ሠሪዎች መጋዝ ውስጥ ወደ 0.4 የሚጠጋ ምላጭ አለ፣ ወርቅ ሠሪዎችን ጠይቂ፣ መጀመሪያ ይስቁብሻል ከዚያ ይሠሩልሻል።

እዚህ ላይ የሚበላሸውን ልንገርሽ። ሁለቱ ቦዮች ውሃውን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር አለባቸው። ሠራተኛው እምብርቱን 180 ዲግሪ አዙሮ ሁለተኛውን ቦይ እንደ መጀመሪያው መቁረጥ ሲገባው በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ከቆረጠው አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ይገፋና ተጣልተው ይቆማሉ። ያኔ ያው ክርሽ ይመለሳል። የቦዮቹን ስፋት ብታጠቢ መሶቡ ሰፋ ይላል ጠብታውም ይደቅቃል፣ ግን መደፈኑም አብሮ ይመጣል፣ ስለዚህ ከ0.4 አትውረጂ።

ሌላው የመውጫው ቀዳዳ ርዝመት ነው። ቢበዛ 0.3 ሚሊ። ረጅም ከሆነ ሽክርክሪቱ ግድግዳውን እየታከከ ይደክማል። ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳ፣ ከዚያ የውጭው ፊት ቶርኖ ላይ በስሱ ይላጭ፤ የብረቱ ትራፊ አብሮ ይነሳል፣ ጠርዙም እንደ ምላጭ ይሆናል። ጠርዙን ማንም እንዳይነካው! አንዴ ለአንድ አበባ እርሻ 40 ኖዝል ሠርቼ ነበር። ሥራው ያምር ብዬ የእያንዳንዱን መውጫ በትልቅ ፑንታ ጠርዙን አንስቼ፣ በወረቀት አሽቼ፣ አብረቅርቄ ላክሁ። ሁሉም ተመለሱ። ጉሙ መሃል ወፋፍራም የውሃ ሰረዝ እየተረጨ አበባውን ያበሰብሳል። በኪሳራ እንደገና ሠራኋቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከፓምፑ በኋላ ማጣሪያ የግድ ነው። ልኩ ከጠባቡ መተላለፊያሽ ሲሶ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያንቺ 0.4 ስለሆነ 0.13 ሚሊ ይበቃል። ለጠብታ መስኖ የሚሸጠው ባለ 120 ሜሽ ማጣሪያ ልክ እሱ ነው። ከፓምፑ በፊትም አንድ ሸካራ አድርጊ፣ የሮቶ ደለል ፓምፑንም ይገድለዋል። ከማጣሪያው እስከ ኖዝሉ ያለው መስመር ፕላስቲክ ይሁን፣ አሮጌ የብረት ቧንቧ ከሆነ ዝገቱ ከማጣሪያው ወዲህ ይነሳና ልፋትሽ ከንቱ ይሆናል።

ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይይዛል? ድሬዳዋ ያሉ አንባቢዎቼ ይህን ጥያቄ ሲያነቡ ይስቃሉ። እዚያም ይሁን ሌላ ቦታ ውሃው ያንን ቅርፊት የሚተው ከሆነ ኖዝሉም ጫፉ ላይ ይይዛል። ፈተሽ አድርገሽ ጉሙ ወደ አንድ ጎን ማድላት ሲጀምር ፍቺውና አቼቶ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ንከሪው፣ በውሃ እጠቢው። አዳሩን አትተዪው፣ አሲድ ነሐሱን ይበላዋል፣ መልኩ ወደ ቀይ ሲለወጥ ታውቂዋለሽ። በመርፌ መጎርጎር ደግሞ ፈጽሞ! ያንን ያወጣነውን ጠርዝ ነው የምታበላሺው። ስፌት መርፌ ኪሱ ይዞ የሚዞር አትክልተኛ አውቃለሁ፣ በየወሩ ነበር ኖዝል የሚያሠራኝ።

ሰዎች የሚረሱት ደግሞ ፓምፑ ሲጠፋ የሚሆነውን ነው። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ዜሮ አይሆንም፣ ቀስ ብሎ ሲወርድ ያ አበባ፣ ያ ሽንኩርት፣ ያ ማንጠባጠብ ወደ ኋላ ይደገማል። የሚንጠባጠበው እንጉዳዩ ላይ ነው። እርጥብ ሆኖ የሚያድር የእንጉዳይ ክዳን ባክቴሪያ ይዞት ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ገዥም አይነካውም። መፍትሔው ኖዝሉ ስር ኳስና ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ቫልቭ መግጠም ነው፣ ግፊቱ ከ2 ባር ሲወርድ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ። ካጣሽ ኖዝሉን ከመደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከመተላለፊያው ላይ ስቀዪው።

ስንት ኖዝል? ክፍልሽ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን 50 ሜትር ኩብ አየር አለሽ። በ20 ዲግሪ ሙቀት እርጥበቱን ከ60 ወደ 90 በመቶ ለማድረስ አየሩ የሚፈልገው ሩብ ሊትር ውሃ ብቻ ነው። አዎ፣ ሩብ ሊትር! እንጉዳይ ንጹሕ አየር ስለሚፈልግ አየር ባስገባሽ ቁጥር እንደገና ትሞያለሽ፣ ግድግዳውም ይጠጣል፣ ቢሆንም ብዙ አይደለም። ያልኩሽ ኖዝል በ7 ባር በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያወጣል። ሦስት ይበቁሻል። ሳያቋርጥ አታስኪጂው፣ ታይመር ገዝተሽ በ10 በ10 ሰከንድ ከፋፍለሽ አስረጪው። የ0.1 ሚሊ ጠብታ ከ2 ሜትር ከፍታ ለመውረድ ወደ 8 ሰከንድ ነው የሚፈጅበት፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ መትነን አለበት፣ ስለዚህ ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ብታንቀሳቅስልሽ ወለሉ አይጨቀይም።

ከዚህ የደቀቀ ከፈለግሽ መንገዱ ሌላ ነው። በትልልቅ ግሪን ሃውስ የሚገጠሙት ወደ 70 ባር የሚሠሩ ናቸው፤ ጉማቸው እውነተኛ ጉም ነው፣ ፓምፑና ቧንቧው ግን ካንቺ ክፍል ኪራይ ይበልጣል። ኮምፕረሰር ካለሽ አየርና ውሃ አብሮ የሚያወጣ፣ የቀለም መርጫ ዓይነት፣ ሰፋ ባለ ቀዳዳም ደቃቅ ያደርጋል፣ አይደፈንም፣ ጩኸቱና የመብራት ሂሳቡ ነው ችግሩ። ውሃ ውስጥ ተነክሮ በንዝረት ጉም የሚያወጣው ትንሽዬ መሣሪያም አለ፣ ለጠባብ ክፍል ግሩም ነው፣ የጨው ብዛት ያለበት ውሃ ከተጠቀምሽ ግን ሁሉም ነገር ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰንሳል።

አንድ ሐሳብ ሰጥቶሽ የነበረ ሰው ካለ፣ ከሶማሌ ተራ የናፍጣ ኢንጀክተር ገዝቶ በውሃ መሞከር አይሠራም። እሱ የሚከፈተው ከ100 ባር በላይ ነው፣ ውሃ ሲነካው ይዝጋል፣ በዚያ ግፊት የወጣ ፈሳሽ ደግሞ ጣት ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ጋራዥ ውስጥ በዚህ ጣቱን ያጣ ሰው አይቻለሁ።

ሮቶሽን በየጊዜው እጠቢው፣ ክዳኑም ይገጠም። የቆመና የሞቀ ውሃ ጉም ሆኖ ሲወጣ የምትተነፍሺው አንቺ ነሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሦስት ኖዝል ቶርኖ ቤት ከመመላለስ አዲስ የመርጫ ጫፍ፣ ያ ባለ እምብርቱን፣ ገዝተሽ 7 ባር ፓምፑ ላይ ብትገጥሚው ይረክስሻል። እኔን ሥራ ማሳጣቴ ነው፣ ግን እንዲያ ነው። ሁለቱንም ብትሞክሪ መጀመሪያ አንድ ብቻ ግዢ ወይም አሠሪ፣ ማታ መብራት አጥፍተሽ ከጎን ባትሪ አብሪበት። ሙሉ መሶብ ከታየሽ ጥሩ። ጎኑ የተቀደደ ከሆነ ወይ ቦይ ተደፍኗል ወይ ጠርዙ ተነክቷል። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ስር አድርጊና ለአንድ ደቂቃ ሰዓት ያዢ፣ ስንት ሚሊ እንደወጣ ጻፊልኝ።