ግጥም ይዛችሁ ወደ መድረክ ለምትመጡ

ልጆቼ፣ እንደምን ከርማችኋል?

ግጥም ጽፋችሁ ከሳክስፎንና ከክራር ጎን ቆማችሁ ማንበብ የምትመኙ ብዙ ናችሁ። ምኞቱ ጥሩ ነው። ራስ ሆቴል ውስጥ ጦቢያ ግጥም በጃዝ ረቡዕ ማታ ሲሰበስብ የኖረውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ለግጥም ከፍሎ የሚቀመጥ አድማጭ የለም ብሎ አይከራከርም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ጀማሪ ግጥሙን ጨርሶ ይመጣና ሙዚቃውን ከጀርባው እንደተሰቀለ መጋረጃ ይቆጥረዋል። ሙዚቀኛውም ምንም ስላልተነገረው የመሰለውን ይጫወታል። በመጨረሻ ቃሉም ዜማውም ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ከመድረኩ በፊት የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ተቀመጡና አድምጡ። ለአዘጋጁ ስማችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ መድረክ ላይ ቢያንስ አራት አምስት ምሽት ተገኙ። ከፊት ረድፍ ሳይሆን ከመሃል ተቀመጡ፤ ድምፁም የሰዉም ሁኔታ በደንብ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሰው ወንበሩ ላይ መገላበጥ የሚጀምረው በስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ልብ በሉ። አራተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ አድማጭን ይዞ መቆየት ለአንጋፋም ከባድ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ የራሳቸውን ተራ አንብበው ወዲያው የሚወጡ ወጣቶችን አዘጋጅም ባንድም አይረሳቸውም። ለሌላ ጊዜ ሳይጠሩ የሚቀሩትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፤ በር ላይ የሌላውን መድብል ግዙ።

አዝማሪ ቤትም ሂዱ። ካሳንቺስ የነበረው የፈንዲቃ ቤት በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፤ ያዘንን ሰዎች ብዙ ነን። ማሲንቆ ያለበት ቤት ግን በየከተማው ዛሬም አለ። እዚያ የምትማሩት አንድ ትልቅ ነገር ቦታ መስጠትን ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ያሳንሳል፤ እንግዳው አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል፤ ማሲንቆው ብቻውን ትንሽ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል። ቃልና ዜማ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ግጥም በባንድ የሚያነብ ሰው ሊይዘው የሚገባው ሥርዓት ይኸው ነው። ግጥም መስጠት ካማራችሁ ሁለት ስንኝ ይበቃል፤ ቤት የሚመታ ይሁን፤ አዝማሪው የጀመረውን ሳይጨርስ አታቋርጡት፤ ስትሸልሙትም አትሰስቱ፣ እንጀራው ነውና።

አሁን ወደ ግጥሙ። ለጆሮ የሚሆን ግጥም አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያዝ ነው። በቅኔ ጉባኤ አድማጩ «ይደገም!» ሊል ይችላል፤ ወርቁን ለመፈልፈል ጊዜ ያገኛል። በመድረክ ላይ ያ ዕድል ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ኅብር ቃል፣ ማለት ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል፣ ካላችሁ ከቃሉ በኋላ ቆም በሉ፤ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ያን ዝምታ ባንዱ እንዳይሞላባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የግጥማችሁን ቀለም ቁጠሩ። ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስድስት ለስድስት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ለሁለት ተከፍሎ በየክፍሉ ስድስት ቀለም ይይዛል፦

ደጅሽ ላይ ቆምኩልሽ ልጠይቅሽ ብዬ፣
መዝጊያው ሳይከፈት መሸብኝ ዓለምዬ።

ደ፣ ጅሽ፣ ላይ፣ ቆም፣ ኩ፣ ልሽ፤ ስድስት ሆነ። ሳድሱ ፊደል ከፊቱ ካለው ጋር ሲዋጥ ለብቻው አይቆጠርም፤ ጀማሪ የሚሳሳተው በፊደል ሲቆጥር ነው። ሰንጎ መገን አምስት ለአምስት ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጊዜ ለመለካት፦ አንድ የወል ቤት ስንኝ በመድረክ ንባብ ከእረፍቱ ጋር ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ይወስዳል፤ 40 ስንኝ 3 ደቂቃ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ምቱን ለመምረጥ፦ በደቂቃ 60 ምት በሚሄድ አራት ለአራት ላይ አንድ ባር፣ ማለት አራት ምት የያዘው ክፍል፣ 4 ሰከንድ ስለሆነ አንድ ስንኝ አንድ ባር ላይ ይቀመጣል። ይህ ምቹ ይመስላል፤ ዐሥር ስንኝ እንደሄዳችሁ ግን ንባቡ የሕፃናት መዝሙር ይሆናል። መድኃኒቱ አንዱን ስንኝ ከባሩ መነሻ ላይ፣ ቀጣዩን አንድ ምት ዘግይቶ መጀመር፣ አንዳንዴም ሙሉ ባር ለሙዚቃው መልቀቅ ነው። በስድስት ስምንተኛው ጭፈራ ምት፣ ማለት በችክችካው፣ ላይ ወል ቤት ማንበብ ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ምቱ ራሱ ወደ ዘፈን ይጎትታችኋል። ችክችካ የምትፈልጉ ከሆነ ለግጥሙ መጨረሻ፣ ንባቡ ካበቃ በኋላ አቆዩት።

ከባንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ተለማመዱ፤ ከዚያ ካነሰ አትውጡ። በመጀመሪያው ልምምድ መሣሪያ አይነካ፤ ግጥሙን ሁለት ጊዜ አንብቡላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ አንድ ቅጂ ስጡ። ወረቀቱ ላይ ባንዱ የሚገባበትን ቃል ክበቡት፤ ዝም የሚባልበትን ቦታ አስምሩበት፤ የመጨረሻውን ስንኝ ደግሞ ለብቻው በትልቁ ጻፉት። በጣም የተለመደው ብልሽት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፦ ገጣሚው ይጨርሳል፣ ባንዱ አላወቀም፣ ይቀጥላል፤ አድማጩ ማጨብጨብ ይጀምርና ያቋርጣል። የመጨረሻውን ቃል ድራመሩ ካወቀ ይህ አይደርስም። ከጨረሳችሁም በኋላ ወዲያው ከማይኩ አትራቁ፤ ዜማው እስኪያልቅ ቁሙ።

ሳክስፎን የሰው ድምፅ በሚኖርበት ከፍታ ላይ ስለሚጫወት ከቃላችሁ ጋር ይጋፋል። በንባቡ ሥር ቤዝና ቀስ ያለ ኪቦርድ ይሂድ፤ ሳክስፎኑ በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ይመልስ። ይህን በትሕትና ጠይቁ እንጂ አትዘዙ፤ ሙዚቀኛው ከእናንተ የበለጠ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ የተሻለ ሐሳብ ካመጣ ተቀበሉት።

ቅኝቱን ስትነጋገሩ «የሚያሳዝን ነገር ተጫወቱልኝ» አይበቃም። ስሙን ጥሩ። ትዝታ ሙሉው ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚውንና ላውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ትዝታ ግማሽ ይሆናል፤ ስሜቱም ወዲያው ይጠቁራል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው መልክ አላቸው። ሁለቱን ትዝታ ጨምሮ አምስቱንም ቁጭ ብላችሁ ከክራር ተጫዋች ጋር አንድ በአንድ ስሙ፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል። አንድ አንቀጻችሁን በአምስቱም ላይ አንብባችሁ ቅዱት፤ የትኛው እንደሚስማማው ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ሁሉም ሰው ትዝታን ስለመረጠ ብቻ እናንተም መምረጥ የለባችሁም። ስለ ቁጣ የተጻፈ ግጥም በትዝታ ሲነበብ ቁጣው ይለሰልሳል፤ ይህን በየመድረኩ ደጋግመን እንሰማለን።

የመቃኘቱ ጉዳይ ብዙ ምሽት ያበላሻል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። የክራርና የማሲንቆ ተጫዋች መነሻ ድምፁን የሚያበጀው በዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ኪቦርዱ ደግሞ ፋብሪካ በወሰነለት ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከወጡ ሩብ ድምፅ ያህል ይለያያሉ፤ አድማጩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ይጎረብጠዋል። ዋሽንት ካለ መነሻውን ዋሽንቱ ይወስን፤ ቀዳዳው የማይንቀሳቀስ ነውና። ለዚህም ነው ዋሽንት ነፊ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ኪቦርዱ በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክራር በጅማቱ ይስተካከላል፤ የሳክስፎን ተጫዋች ግን በአዲሱ መነሻ ለመጫወት ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀድሞ ይነገረው። የማሲንቆ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይረግባል፤ ድምፁም ይወርዳል። ተጫዋቹ ዝግጅቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሞ አዳራሹ ገብቶ መሣሪያው የክፍሉን አየር ከለመደ በኋላ ይቃኝ። ሰው ሲሞላና ሲሞቅ እንደገና ይለወጣልና በየሁለት ሥራው መካከል ለመቃኛ አንድ ደቂቃ ተዉለት።

ስለ ማይክ። በየአዳራሹ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ሹር ኤስኤም 58 ወይም የእሱ ቅጂ ነው። ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ እጅ ያህል፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ራቅ አድርጉት፤ ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያዘንብል። «ፈ» እና «ፐ» ትንፋሽ ይዘው ስለሚወጡ ፊት ለፊት ሲያገኙት ይመቱታል፤ «ጠ» እና «ጨ»ም ስለታም ናቸው። ሽቦ የሆነውን የማይኩን ራስ በመዳፋችሁ አትሸፍኑት። ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው በጎኖቹ ባሉት ክፍተቶች ነው፤ ከተሸፈኑ ከሞኒተሩ፣ ማለት ወደ እናንተ ከዞረው የመድረክ ስፒከር፣ የሚወጣውን ሁሉ ይወስድና ማፏጨት ይጀምራል። ሲያፏጭ ወደ ስፒከሩ እንዳትሄዱ፤ ማይኩን ወደ ራሳችሁ አቅርቡና ሳውንድ ማኑ ይስተካከል። ክራር ፒክአፕ (የተገጠመለት ድምፅ መቀበያ) ካለው በዲአይ ቦክስ፣ ማለት መሣሪያን ከሚክሰር በሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን፣ በኩል ይግባ፤ ማሲንቆ ከቆዳው ፊት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ማይክ ይቁምለት፤ የማይኩ ጀርባ ወደ ሞኒተሩ ይዙር። ሳውንድ ቼክ ላይ «አንድ፣ ሁለት» ብላችሁ አትውረዱ። ከግጥማችሁ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ስንኝ፣ በምታነቡበት ድምፅ መጠን፣ ከባንዱ ጋር አንብቡ።

ከስልክ አታንብቡ። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ጥሪ ይገባል፣ ብርሃኑም ፊታችሁን ከታች ስለሚያበራው ዐይናችሁ አይታይም። ወረቀት ላይ በ16 መጠን፣ በሰፊ መስመር፣ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ አትሙ፤ ስንኝ ከገጽ ወደ ገጽ አይቆረጥ፤ ገጹ ቁጥር ይኑረው፤ በስፒል አትስፉት፤ ሲገለበጥ ማይኩ ያሰማዋል።

የራሳችሁን ምሽት ማዘጋጀት ስትጀምሩ በትንሹ ጀምሩ። ለ60 ሰው አራት ገጣሚ፣ ከ7 ደቂቃ የማይበልጥ አንድ አጭር ልብ ወለድ፣ አንድ ባንድ ወይም ሁለት የባህል መሣሪያ ተጫዋች በቂ ነው። ከሥራ መልስ 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ከዚያ ካለፈ ሰው ሐሳቡ ታክሲው ላይ ነው፤ በመጨረሻ የሚያነበው ሰው ባዶ ወንበር ያገኛል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ነው። በዐቢይ ጾም ሙዚቃ ያለበት ዝግጅት ስለሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ ለንባብና ለመጽሐፍ ውይይት ተጠቀሙበት። ጄኔሬተር መኖሩን ብቻ አትጠይቁ፤ ነዳጅ ያለው መሆኑንና ማን እንደሚያስነሳው ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ያለ ማይክ የሚነበብ አጭር ግጥምና ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰማ ክራር ተዘጋጅቶ ይቆይ፤ እንዲህ ያለው ምሽት አንዳንዴ ከሁሉ ይበልጣል።

ገንዘቡን ከዝግጅቱ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ጻፉና ተፈራረሙ፦ ከበር ከሚገኘው መጀመሪያ የድምፅ ኪራይ፣ ቀጥሎ ሙዚቀኞች፣ ከዚያ ገጣሚዎች። «ስሙ ይበቃዋል» ተብሎ በነጻ የሚጠራ ሙዚቀኛ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም፤ ባይመጣም አልፈርድበትም። ወዳጅነት የሚሻክረው ሒሳቡ ማታ በር ላይ ሲጀመር ነው።

የሌላ ሰው ግጥም ላይ ዜማ መሥራት ብትፈልጉ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው መብቱን በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ተጫዋቾችም በአዘፋፈናቸውና በአጨዋወታቸው ላይ መብት አላቸው። ስለዚህ ምሽቱን ቀድታችሁ ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ባንዱን በሙሉ ጠይቁ፤ ገቢ ቢኖር እንዴት እንደሚካፈል ያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

መቅዳቱን ግን አትተዉ። ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዝ አምባ በ2007 ጥር ላይ ሲቃጠል፣ ቆይቶም ካሳንቺስ ሲፈርስ፣ ቤቶቹ እንዴት በአንድ ቀን እንደሚሄዱ አይተናል። ከሚክሰሩ በቀጥታ አንድ መስመር፣ ከአዳራሹ መሃል ደግሞ አንድ ተራ መቅጃ አስገቡ፤ የመጀመሪያው ቃሉን ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ሁለተኛው የሕዝቡን ድምፅ። በማግስቱ ሁለቱን ፋይሎች በቀን፣ በቦታና በተሳታፊ ስም ሰይሙ፤ የባንዱን አባላት አንድ በአንድ ከነመሣሪያቸው ጻፉ፤ የግጥሞቹን የመጨረሻ ቅጂ አብራችሁ አኑሩ። አንድ ቅጂ ከእናንተ ጋር ይሁን፣ አንዱ ከሙዚቀኞቹ አንዱ ዘንድ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለታችሁም ቤት ውጭ።