ጸበል ከጀመረች መድኃኒቷን ታቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ታናሽ እኅቴ አረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። አትተኛም፣ ብቻዋን ታወራለች፣ «ይከታተሉኛል» ትላለች። ሆስፒታል ወስደናት ክኒን ታዘዘላት፤ ተሽሏት ነበር። ከዚያ ጸበል ወሰድናት። እዚያ አንድ አጥማቂ «ክኒኑ መንፈሱን ይደብቀዋል፣ ጣሉት» አሉን። ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ አሁን ብሶባታል። ስትጮህም በስልክ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለቀቋት። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው? በእኛ ኃጢአት የመጣ ይሆን? ቅዳሴ ላይ ስለምትረብሽስ ቤት ትቅር?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል አይደለም። ክኒኑን ጣሉ ያሏችሁ ሰው ተሳስተዋል። ይህን ስል ጸበልን ማሳነሴ እንዳይመስልሽ። ጸበል እየተጠመቅሁ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ግን ጸበሉን የባረከ አምላክ መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ዛሬ ማታ ከቤተሰብሽ ጋር አንብቡት። ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ብልህ ሰው መድኃኒትን አይንቅም ይላል። ወንጌሉን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

ጥያቄሽ አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት አገራችን በገባበት ጊዜ «ጸበል ጀምሬያለሁ» ብሎ ክኒኑን የተወ ብዙ ሰው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በግልጽ ተናገሩ። ለደም የተባለው ለአእምሮ የማይሠራበት ምክንያት የለም። አእምሮም የሰውነት ክፍል ነው፤ ይታመማል፣ ይታከማል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጸበል ላይ ሰው በባዶ ሆዱ ሃይላንድ ሙሉ ጠጥቶ ያስመልሳል። ጠዋት የዋጠችው ክኒን አብሮ ወጣ ማለት ነው። እናንተ «መድኃኒቱ አልሠራም» ትላላችሁ፤ እርሱ ግን ሆዷ ውስጥ አልቆየም። ደግሞ ብዙ ማስመለስና ውኃ ሳይቀምሱ መዋል አደገኛ የሚያደርገው መድኃኒት አለ። ስለዚህ ጸበል እንደምትጠመቅ ለሐኪሟ ሳትደብቁ ንገሩት። ሰዓቱን እርሱ ያስተካክልላችኋል። ጾሙንም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም።

«መንፈስ ነው ወይስ ሕመም?» ትዪኝ ይሆናል። ክፉ መንፈስ የለም አልልም፤ ወንጌል አለ ይላልና። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24ን ተመልከቺ። አጋንንት ያደረባቸው፣ በጨረቃ የሚነሣባቸው (የሚጥል በሽታ ያለባቸው ማለት ነው)፣ ሽባዎች ብሎ ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ወንጌላዊው ለይቶ የጻፈውን እኛ ለምን አንድ ላይ እንጠቀልለዋለን? ያልተኛ፣ የፈራ፣ የደነገጠ ሰው ሁሉ ጋኔን አለበት አይባልም። እኅትሽ በሰው አገር፣ በሰው ቤት አራት ዓመት ምን እንዳሳለፈች ማን ጠየቃት?

ስለ ኃጢአት ያልሽው ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ይገባኛል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ ጠየቁ፤ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉ? ጌታችንም «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» አላቸው (ዮሐ. 9፥3)። ሰፈሩ የሚለውን ተዪው።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልምጣ፤ ጥያቄሽን ሳነብ ልቤን የነካው እርሱ ነው። ማርቆስ 7 ላይ መስማት የተሳነውና አንደበቱ የሚኮላተፍ ሰው ወደ ጌታ አመጡ። ጌታ ምን አደረገ? ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ፈወሰው። በምዕራፍ 8 ደግሞ ዕውሩን እጁን ይዞ ከመንደር ውጭ አወጣው። መፈወስ የሚችለው አምላክ የታመመን ሰው ገመና ከሕዝብ ፊት ሸሸገ። እኛ ነጠላዋ ከራሷ የወደቀ ልጅ ላይ ስልክ ደቅነን «ሰብስክራይብ አድርጉ» እንላለን። ይህ ስብከት አይደለም። ነገ ስትድን፣ ሥራ ስትጠይቅ፣ ስታገባ፣ ያ ቪዲዮ ይከተላታል። የለቀቀውን ሰው በቀጥታ «አጥፋው» በይው። እምቢ ካለ የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሪ፤ ቲክቶክ ላይም ሪፖርት አድርጊ፣ ዘመዶችሽም ያድርጉ።

ስለ አፋችንም ልናገር፤ እኔም በድያለሁና። ከዓመታት በፊት በአንድ ጉባኤ ሳስተምር ስለ ስካር ለማስረዳት የእብድ ሰው አነጋገር አስመስዬ አወራሁ። ጉባኤው በሳቅ አለቀ። ሲያበቃ አንዲት እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «መምህር፣ ልጄ አብሮኝ ነበር። ከአማኑኤል ሆስፒታል ከወጣ ገና ወሩ ነው» አሉኝ። ልጁ ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ቆሞ ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደል» አለኝ፤ ነገር ግን ሁለተኛ ጉባኤ ላይ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ «እብድ»፣ «ቀውስ»፣ «ንክ» የሚሉትን ቃላት መድረክ ላይ አላነሳም። በቀደመው መጽሐፍ «ዕውር»፣ «አንካሳ» ተብሎ መጻፉ እኛ ሰው እንድንሰድብበት ፈቃድ አይሰጠንም። እንዲያውም ያው መጽሐፍ መስማት የማይችለውን አትስደብ፣ በማያየው ፊት ዕንቅፋት አታኑር ይላል (ዘሌ. 19፥14)። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል በየቤታችን አለ፤ አንድ እግራቸው የተሰበረ ነው። ፊቱ ቆመን እንሰግዳለን፤ ከደጅ ወጥተን በክራንች የሚሄደውን «አንካሳው» እንላለን።

ቅዳሴውን በተመለከተ፣ አትቅር። ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ከበሩ አጠገብ አንድ የምትወዳት ሰው አብራት ትሁን። መቆም ካቃታት ትቀመጥ። ከጮኸች ይዛችኋት ውጡ፣ ውኃ ትጠጣ፣ ስትረጋጋ ግቡ። «ትረብሻለች» የሚላችሁ ካለ፣ ቄሱን ቀድመሽ አስረጂያቸው። በወንጌል አጋንንት ያደሩበትን የጌርጌሴኖኑን ሰው በሰንሰለት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ወደ ቤትህ፣ ወደ ቤተሰቦችህ ሂድ አለው። «እሰሯት» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አትስሙ።

ክኒኑን ግን ራሳችሁ ዛሬ ማታ እንደ ድሮው እንዳትጀምሩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠኑን ሐኪሟ መወሰን አለበት። የቀረውን ክኒን ከነካርቶኑ ያዙ፣ ያቆመችበትን ቀን በወረቀት ጻፉ፣ ነገ በጠዋት ውሰዷት። ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ግን ነገን አትጠብቁ፤ በዚህ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ክርስትና ስሟን ላኪልኝ፤ በጸሎት አስባታለሁ።