«እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?» ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የምግብ ሳይንስ ምሩቅ ደወለችልኝ። ጃፓን ስኮላርሺፕ አግኝታለች። የምትማረው ጹኩባ ነው። በጣም ደስ አለኝ፤ እኔም በወጣትነቴ ለሥልጠና የተላክሁት እዚያው ነበር። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጋሼ፣ ያን ናቶ የሚሉትን ነገር ቢያቀርቡልኝ ሳላስቀይማቸው እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምለው?» አለችኝ። ቪዲዮ ላይ አይታዋለች። ዝልግልግ ያለ፣ ክር የሚያወጣ፣ የውጭ ሰዎች ገና ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ፊታቸውን የሚያጨማድዱለት ነገር።

ወዲያው አልመለስኩላትም። «አስቤ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። እምቢ ማለቱንማ አሳምሬ አውቅበታለሁ። ጃፓንኛ ስማር ከሰላምታ ቀጥሎ በደንብ የያዝኩት ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር። ጎንበስ ብዬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ማንንም ሳላስከፋ እምቢ እል ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ላላችሁ ሁሉ እጽፋለሁ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ናቶ የተብላላ አኩሪ አተር ነው። አኩሪ አተሩ ይዘፈዘፋል፣ በእንፋሎት ይበስላል። ከዚያ በትኩሱ ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባል ባክቴሪያ ይጨመርበትና ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ገደማ ይቆያል። ሱቅ ውስጥ 40 ወይም 50 ግራም በምትይዝ ነጭ የፎም ዕቃ ታሽጎ ይሸጣል። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ አንዷ ሶስ፣ አንዷ ሰናፍጭ። በቾፕስቲክ ሲያማስሉት ክሩ ይበዛል፣ አረፋ ይሠራል። ጠዋት በትኩስ ሩዝ ላይ አድርገው ይበሉታል። ሽታው ከባድ ነው፤ ይህን አልክድም። ሲቆይ ደግሞ አሞኒያ አሞኒያ ይላል። ጃፓኖችም ቢሆኑ ሁሉም አይወዱትም፤ በኦሳካና በኪዮቶ በኩል ብዙ ሰው አይቀርበውም። ጹኩባ ያለችበት የኢባራኪ ክፍለ ሀገር ግን የናቶ አገር ነው። የኢባራኪ ዋና ከተማ ሚቶ በጥቃቅን ፍሬው ናቶ በመላው ጃፓን ትታወቃለች።

እኛ ሠልጣኞች ሥራ ቀን ማዕከሉ ውስጥ እናድራለን። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በፈቃዳቸው እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ዘንድ ይልኩናል። እኔ የደረሰኝ ከሚቶ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። የባልየው እናት ከጓሮ ባለችው አሮጌ ቤት ይኖራሉ። ያኔ ከቶኪዮ ጹኩባ የሚያደርሰው ፈጣን ባቡር አልነበረም፤ እሱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በአውቶቡስ ነበር የምንመላለሰው። በመስኮት ሁለት ጫፍ ያለው የጹኩባ ተራራ ይታያል። ከፍታው 877 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ሥር ላደግሁት ለእኔ ጉብታ ነበር የመሰለኝ። እነሱ ግን እንዴት እንደሚወዱት! አንድ ጊዜ ይዘውኝ ወጥተው ከላይ ካንቶ የሚባለውን ሜዳ አሳዩኝ። ያን ቀን ከልባቸው የኮሩበትን ነገር ማጣጣል ነውር እንደሆነ ገባኝ። ምነው ለምግቡም እንዲሁ በገባኝ ኖሮ።

እቤታቸው ባደርኩ በመጀመሪያው ጠዋት ሴትየዋ ናቶ አቀረቡልኝ። አማስለው፣ ሽንኩርት ቅጠል ከትፈው ጣል አድርገውበት። ሽታው ሲደርሰኝ ያችን የተለማመድኳትን ዓረፍተ ነገር አወጣሁ። ሴትየዋ ስቀው ሳህኑን አነሱና እንቁላል ጠበሱልኝ። ማንም አልተቀየመም። በሚቀጥለው ስሄድ ዳቦ፣ እንቁላልና ማርማላታ ቀርቦ ጠበቀኝ። ናቶ ገበታው ላይ የለም። ከዚያ በኋላም የለም። እኔም እፎይ አልኩ።

አንድ የጥር እሁድ ውኃ ጠምቶኝ ሳይነጋ ተነሳሁ። ወደ ኩሽናው ስጠጋ መብራት አየሁ። ባልና ሚስቱ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ናቶ እየበሉ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለካ እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ቀድመው ተነስተው ቁርሳቸውን ይበላሉ፣ ቤቱን ያናፍሳሉ። ከዚያ እኔ ስነሳ እንደገና ከእኔ ጋር ዳቦ ይቀምሳሉ። አላዩኝም። ውኃውን ሳልጠጣ ተመልሼ ተኛሁ። በዚያችው ቅጽበት ገብቼ መቀመጥ ነበረብኝ።

በዚያው ወር ማዕከሉ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ የሚጠመቅበት ቦታ ወሰደን። በር ላይ የተጠየቅነው አንድ ነገር ነበር፤ «ዛሬ ናቶ የበላ አለ?» የናቶ ባክቴሪያ ዘሩ በቀላሉ አይሞትም። ሳኬ የሚጠመቅበት፣ ኮጂ የሚባለው ሩዝ ላይ የሚያድገው ሻጋታ ዘንድ ከገባ ያበላሸዋል። ስለዚህ የሳኬ ጠማቂዎች በሥራ ወቅት ናቶ አይበሉም። እኔ ያለ ሐሳብ ገባሁ። አለመብላቴ ያን ቀን ጠቅሞኛል ማለት ነው፤ እንዲያውም የኮጂ ክፍሉን ያህል ያስደሰተኝ ጉብኝት አልነበረም። የሩዙ ሙቀት፣ ሽታው፣ ሠራተኞቹ በእጃቸው ሲያገላብጡት… ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ዐቢይ ጾም ገባ። እንደማልገድፍ ለሴትየዋ ነገርኳቸው። ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። እኛ ቤት በሁዳዴ ዓሣም አይበላም፤ ስለዚህ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ሾርባም ቀረ። ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው የሚሠሩት። ሴትየዋ ተጨነቁ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ጭንቀት እስካሁን አልረሳውም። አንድ ሰው እቤታቸው አድሮ ባዶ ሩዝ ሊበላ ነው። እኔ ራሴ ነኝ «ናቶው የጾም አይደል እንዴ?» ያልኩት።

ሴትየዋ ባልየውን አዩዋቸው። ባልየው እኔን አዩኝ። አመጡት። ከናቶው ጋር የሚመጣው ሶስ የዓሣ መረቅ ስላለበት በሶያ ሶስ ቀየሩልኝ። ቀስ እያልኩ አማሰልኩት። ሰናፍጩን ሴትየዋ ጨመሩልኝ፣ ሩዙ ላይ አደረግሁትና ጎረስኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ሽታው ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ከውጭ ያለውን ያህል አይከብድም። ፍሬው ለስላሳ ነው፣ ጥርስ ላይ ይፈርሳል። ጣዕሙ ጥልቅ ነው፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ይላል። ከዚያ ሰናፍጩ ወደ አፍንጫዬ ወጣና እናቴ የምትሠራው ስልጆ ድቅን አለብኝ። ስልጆስ ምንድን ነው? ባቄላ፣ ሱፍ፣ ሰናፍጭ፤ ቀናት የሚብላላ። ልጅ ሆኜ ማሰሮው ሲከፈት ከቤት እወጣ ነበር። በጾም ሌላ ሲጠፋ ነው የለመድኩት። በኋላማ ለፋሲካ ዶሮው እየቀረበ ስልጆ የምጠይቅ ሰው ሆኛለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያውም ማብላላት ልማር ተልኬ፣ ያን ያህል ጊዜ ናቶን በአፍንጫዬ ብቻ ፈርጄ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ወደድኩት ብል ውሸት ነው። ጨረስኩት ግን። ባልየው ምንም አላሉም፤ ተነስተው መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ሦስታችንም በአንድ ሰዓት ቁርስ መብላት ጀመርን። ጾሙ ሲጋመስ ናቶ ከሌለ ቅር ይለኝ ጀመር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የፕሪም አበባው ሲፈነዳ ካይራኩኤን ወሰዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1842 የተከፈተ ትልቅ የሚቶ መናፈሻ ነው። አሮጊቷ እናትም አብረውን ነበሩ። ናቶ መብላቴን ሰምተው ኖሯል፣ እየሳቁ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሚስትየው ያኔ ነው ያጫወቱኝ። አሮጊቷ በየዓመቱ በብርዱ ወቅት ናቶ የሚሠሩት በድሮው ዘዴ ነው። የሩዝ ገለባ ይቀቅላሉ። ሌላው ተህዋስ በፈላው ውኃ ያልቃል፣ የናቶው ባክቴሪያ ዘር ግን ይተርፋል። ትኩሱን አኩሪ አተር በዚያ ገለባ አስረው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያሳድሩታል። ፋብሪካ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ፣ ከገለባው በቀር ሌላ እርሾ የለ። በዚያ ዓመትም ሠርተው ነበር። እኔ ከፊት ለፊታቸው ባለው ቤት እያደርኩ! «ሽታውን ስለማትወደው እንዳትቸገር ብለን አልጠራንህም» አሉኝ።

ክፍል ውስጥ ስለ ገለባው የተማርኩት በሥዕል ነው። እኔ የመጣሁበትን ትምህርት በእጃቸው የያዙ ሴት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። የብርዱ ወቅት አልፏል፣ ሥልጠናውም በመጋቢት ያልቃል። አሮጊቷም አቅም ስላነሳቸው ከዚያ ወዲያ እንደማይሠሩ ተናግረው ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ስልጆና ሌሎች የጾም ምግቦች ላይ ስሠራ ስንት ጊዜ ጥያቄ ገጥሞኛል። ገለባው ስንት ደቂቃ ይቀቀላል? መበላሸቱን በምን ያውቁታል? በእጅ ነክተው ነው፣ ወይስ አሽትተው? የሚጠየቁትን ሰው አውቃቸዋለሁ። የመጠየቂያው ጊዜ ነው ያለፈኝ።

እንግዲህ ልጆች፣ ለዚህ ነው ጥያቄያችሁ ያስደነገጠኝ። ጨዋ ሰዎች አንዴ እምቢ ካላችኋቸው አይጨቀጭቋችሁም። ዝም ብለው ከእናንተ ያርቁታል። ምን እንደቀረባችሁ እንኳ አታውቁም።

የዛሬ ልጆች ከእኛ በብዙ ትበልጣላችሁ። እኛ የጃፓንን ካርታ እንኳ በደንብ ሳናይ ነው የሄድነው። እናንተ ስለ ምትኖሩበት ሰፈር ሁሉን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ታውቃላችሁ። የማልወድላችሁ አንድ ነገር ነው። ቀምሳችሁ ከመጥላታችሁ በፊት ሌላ ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ አይታችሁ ትጠላላችሁ። ደርሳችሁ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ ተጠራርታችሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቃችሁ ሽሮ ስትሠሩ ትከርማላችሁ። ሽሮ ጥሩ ነው። ግን ለሽሮ ብላችሁ አልሄዳችሁም።

ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩታችን እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ የጃፓን ባለሙያዎች አገራችን መጥተዋል። አንዱን ፋብሪካ ውስጥ አግኝቻቸው ነበር። አንድ ጉራጌ ሠራተኛ ምሳውን ሲከፍት ቆጮ አለ። ሰውየው ጠጋ ብለው «ልቅመስ?» አሉ። ቀመሱ። ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ጠየቁ። ልጁ ደስ ብሎት የእናቱን አሠራር አንድ በአንድ ነገራቸው። መስቀል ሲደርስ አገር ቤት ወሰዳቸውና የእንሰቱ ጉድጓድ ሲከፈት በዓይናቸው አዩ። እሳቸው መሐንዲስ ናቸው፤ ምግብ ሥራቸው እንኳ አይደለም። ስሰማ ቀናሁባቸው፣ እውነቱን ልናገር።

ያገኛችሁትን ሁሉ ቅመሱ እያልኩ ግን አይደለም። ኩማሞቶ ወደምትባል የጃፓን ከተማ በሄድን ጊዜ ጥሬ የፈረስ ሥጋ አቀረቡልን። የአካባቢው ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። አልነካሁትም፤ ዛሬ ቢያቀርቡልኝም አልነካውም። ሃይማኖት የከለከለውን እምቢ ማለት ሌላ ነው። ያን እምቢታ ከምክንያቱ ጋር ነገርኳቸው፤ እነሱም እስከ ማታ ስለ ጾማችን ሲጠይቁኝ አመሹ።

እና ልጄ፣ ላንቺ የምነግርሽ ይኸው ነው። እምቢ የሚባልበትን ዓረፍተ ነገር አላስተምርሽም፤ ካስፈለገሽ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ስትጀምሪ ሂኪዋሪ የሚባለውን ግዢ። ከተከካ አኩሪ አተር የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። ሩዙ ትኩስ ይሁን። ሽንኩርት ቅጠል አይቅርብሽ። በመጀመሪያው ጉርሻ አትፍረጂ፤ ግማሹን ብዪ፣ በሌላ ቀን እንደገና ሞክሪ። ከዚያ ብትጠዪው ጥላቻሽን አከብራለሁ። ሽሮ አትያዢ ልልሽ ነበር፣ ግን ጥርን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ያዢ። በርበሬም ያዢ፤ ለሚቀበልሽ ቤተሰብ አቅምሺበት። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስጂ ከሆነ ግን ናቶን ጨርሶ አትንኪ። ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ጾም ላይ ከሆንሽ ደግሞ ሶሷን ተዪያት፣ ሰናፍጯን ጨምሪ፤ ገለባ የሚቀቅሉ አሮጊት ካጋጠሙሽም ስንት ደቂቃ እንደሚያፈሉት ጠይቀሽ ጻፊልኝ።